ስምንት ሳምንት ብቻ ለሚቆይ ተማሪ የሚሆን ምርምር

ጥያቄ፦ «በሚመጣው ክረምት ሁለት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ለስምንት ሳምንት የምርምር ልምምድ ወደ ላብራቶሪዬ ይመደባሉ። ባለፈው ዓመት የመጣችው ተማሪ ሦስት ሳምንት የኮምፒውተር መግቢያና የላብራቶሪ ፈቃድ ስትጠብቅ፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ዕቃ ስታጥብና ሌላ ሰው ሲሠራ ቆማ ስታይ አሳልፋ ሄደች። ዘንድሮ እንዲህ እንዳይሆን ምን ዓይነት ሥራ ልስጣቸው? በየቀኑ የምትከታተላቸው የዶክትሬት ተማሪዬ ናት፤ እኔስ ምን ያህል ጊዜ ልስጥ? ውጤት ሳያገኙ ቢሄዱስ?»

ምላሽ፦ ሥራውን ከመምረጥዎ በፊት የቀን መቁጠሪያ ዘርግተው ይቁጠሩ። ስምንት ሳምንት 40 የሥራ ቀን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በደህንነት ሥልጠና፣ በመግቢያ ፈቃድና በትውውቅ ያልቃል፤ የመጨረሻው በፖስተርና በገለጻ ዝግጅት ያልቃል፤ መሣሪያ የሚበላሽበትን፣ የታዘዘ ኬሚካል የሚዘገይበትን፣ ተማሪው የሚታመምበትንና እርስዎ ለስብሰባ የሚወጡበትን ቀን ደምረው አንድ ሳምንት ቢይዙለት አላበዙም። 25 ቀን ቀረ። ከዚህም ላይ አንድ ጀማሪ ዘዴውን ሳያበላሽ መሥራት እስኪችል ድረስ ቢያንስ አምስት ቀን ይፈጅበታል። እንግዲህ በእጅዎ ያለው አራት ሳምንት ነው፤ አብዛኛው የክረምት ልምምድ የሚበላሸውም አስተናጋጁ ስምንቱን ሳምንት ሙሉ አድርጎ ስለሚያስበው እንደሆነ ተማሪ ሳስተናግድ በቆየሁባቸው ዓመታት ተረድቻለሁ።

የጊዜው ማጠር የእርስዎ ተቋም ጉድለት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የሚደግፋቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የክረምት ምርምሮች በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ሳምንት የሚቆዩ ናቸው፤ በጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርንም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በክረምት ተማሪዎች መርሐ ግብሩ ተማሪ የሚቀበለው ለአንድ ክረምት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቁም ነገር ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ሥራው እንደ ልብስ በጊዜው ልክ ሲሰፋ ነው።

ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆነው ሥራ ዘዴው የታወቀ፣ መልሱ ግን ያልታወቀ ነው። ሁለቱም ያልታወቁ ከሆኑ ተማሪው ክረምቱን ሙሉ ዘዴ ሲፈልግ ይጨርሳል፤ ሁለቱም የታወቁ ከሆኑ ደግሞ ያው የክፍል ቤተ ሙከራ ነው፣ ተማሪውም በሁለተኛው ሳምንት ይነቃበታል። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ታሪክ ነው። ዳንከን ሎሪመር የተባለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለዴቪድ ናርኬቪክ፣ በወቅቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለነበረው፣ የሰጠው ሥራ በአውስትራሊያ የሚገኘው የፓርክስ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ማጀላን ደመናዎች (ለእኛ ቅርብ ወደሆኑ ሁለት ትናንሽ ጋላክሲዎች) አቅጣጫ ቀድቶ ያስቀመጠውን መረጃ እንደገና እየፈተሸ ነጠላ የሬዲዮ ምቶችን እንዲፈልግ ነበር። ተማሪው በፍተሻው ከአምስት ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ የቆየ፣ እጅግ ብሩህ የሆነ አንድ ምት አገኘ። ዛሬ ፈጣን የሬዲዮ ብልጭታ የሚባለው የሥነ ፈለክ ዘርፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለዚያ ምት በታተመው ጽሑፍ ሲሆን፣ የተማሪው ስም ከአምስቱ ጸሐፊዎች መካከል ይገኛል። ግኝቱ ዕድል ነው፤ ማንም አስተናጋጅ እንዲህ ያለውን ሊያቅድ አይችልም። የሥራው አሰፋፍ ግን ዕድል አልነበረም። መረጃው ከዓመታት በፊት ተሰብስቧል፣ ስለዚህ የቴሌስኮፕ ወረፋ የሚጠብቅ የለም፤ የፍለጋው መንገድ የታወቀ ነው፤ ምን እንደሚገኝ ግን ማንም አያውቅም። ምንም ባይገኝ እንኳ «በዚህ የሰማይ ክፍል፣ በዚህ የብሩህነት ደረጃ፣ በዚህን ያህል ሰዓት ውስጥ አልታየም» የሚል ተጨባጭ መልስ ይወጣ ነበር።

በእርስዎም ላብራቶሪ እንዲህ ያለ ሥራ ተቀምጦ እንደሚገኝ አልጠራጠርም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ተለክተው ያላለቁ ናሙናዎች፣ ለአንድ ጥያቄ ተሰብስቦ ሌላ ጥያቄ ያልተጠየቀበት መረጃ፣ «አንድ ቀን እናየዋለን» እየተባለ በየስብሰባው የሚታለፍ የማነጻጸሪያ ሙከራ ይኖራል። ከእነዚህ አንዱን ይምረጡና ለሁለት ይክፈሉት፦ እስከ አምስተኛው ሳምንት ሊያልቅ የሚገባው፣ ብቻውንም ለፖስተር የሚበቃ ዋና ክፍል፣ ከዚያም ጊዜ ከተረፈ የሚቀጠል ሁለተኛ ክፍል። ፈጣን ተማሪ ከመጣ ሁለተኛው ይጠቅማል፤ ካልመጣ ግን መኖሩን እንኳ ማንሳት አያስፈልግም።

ሁለት ዓይነት ሥራ ግን ከመጀመሪያው ይተዉ። አንደኛው አዲስ የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ በሰው ወይም በእንስሳ ላይ የሚደረግ ጥናት ፈቃዱ ተማሪው ሳይመጣ በፊት እጅዎ ካልገባ ክረምቱ በወረቀት ያልፋል። ሁለተኛው ለዶክትሬት ተማሪዎ የመመረቂያ ጽሑፍ ወሳኝ የሆነ ሙከራ ነው። ይህ ሲታይ ተገቢ ይመስላል፤ ሥራው እውነተኛ ነው፣ ክትትሉም አይጠፋም። ነገር ግን ጀማሪው በሦስተኛው ሳምንት አንድ ናሙና ሲያበላሽ፣ ያ ናሙና የአንድ ሰው መመረቂያ ስለሆነ፣ የዶክትሬት ተማሪዋ መጀመሪያ በትህትና፣ ቆይቶም ያለ ትህትና ሥራውን ከእጁ ትወስደዋለች። የባለፈው ዓመቷ ተማሪ ቆማ ስታይ የከረመችው በስንፍና ወይም በክፋት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ ቢበላሽ ማንም የማይጎዳበት፣ ቢሳካ ግን ሁሉም የሚፈልገው መሆን አለበት።

የመግቢያውና የፈቃዱ ጉዳይ በአጭሩ የሚነገር ነው፦ ከመምጣታቸው ከአንድ ወር በፊት ይጀመር፣ ኃላፊነቱም የአንድ ስሙ የታወቀ ሰው ይሁን። የኮምፒውተር መግቢያ፣ የበር ቁልፍ ወይም ካርድ፣ በኢንተርኔት ሊወሰድ የሚችል የደህንነት ሥልጠና፣ መቀመጫና ጠረጴዛ፣ እነዚህ ሁሉ ሰኞ ጠዋት ዝግጁ ሆነው ይጠብቋቸው። የሚነበብ ነገርም አስቀድመው ይላኩላቸው፤ ሃያ ጽሑፍ አይላኩ፣ ሁለት ይበቃል። አንዱ የራሳችሁ ላብራቶሪ ጽሑፍ ቢሆን፣ ከጎኑም «ሁለተኛውን ሥዕል ተመልከቱ፤ እናንተ የምትሠሩት ይህ ከየት እንደመጣ ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት፣ ተማሪው ከሃያው የማያገኘውን ያገኛል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከቢሮ ጉዳይ የተረፈ ጊዜ የት ማዋል እንደሚገባ በምሳሌ ላሳይ። በሁለተኛው ቀን ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ፒፔት (አዝራሩ እየተጫነ ጥቂት ፈሳሽ በልክ የሚቀዳበት መሣሪያ)፣ ውሃና ሚዛን እሰጣለሁ፤ 100 ማይክሮሊትር ውሃ አሥር ጊዜ እየቀዳ እንዲመዝን አደርጋለሁ። በክፍል ሙቀት ይህ ውሃ 100 ሚሊግራም ያህል መመዘን አለበት። አንዲት ተማሪ 118፣ 121፣ 117፣ 119 እያለች አሥሩን ጻፈችና ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚቀራረቡ ደስ ብሏት አሳየችኝ። እጇን ስመለከት ውሃ ስትቀዳ አዝራሩን እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ድረስ ትጫን ነበር፤ ትክክለኛው ሲቀዱ እስከ መጀመሪያው ብቻ መጫን፣ ሲያፈስሱ ደግሞ እስከ ሁለተኛው መድረስ ነው። አልነገርኳትም። ያው ፒፔት እኔ ስይዘው 100 አካባቢ ሲሰጥ አይታ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ራሷ እስክትደርስበት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባት። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ተቀራራቢ መሆንና ትክክል መሆን የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ፣ ከዚህ በኋላም የራሷን ቁጥር መጠርጠር እንዳለባት ተማረች፤ ይህን በንግግር ለማስተማር አንድ ሴሚስተርም አይበቃኝም። ሥራችሁ በኮምፒውተር ከሆነ የዚህ አቻው ከዚህ በፊት ያሳተማችሁትን አንድ ሥዕል ከጥሬ መረጃው ተነስቶ እንደገና መሥራት ነው። ሥዕሉ መጀመሪያ ላይ አይመሳሰልም፤ ለምን እንዳልተመሳሰለ መፈለጉ ነው ትምህርቱ። (አንዳንዴም ስህተቱ የእኛው ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ማፈር አይገባም፣ ተማሪውን ማመስገን ነው።)

አሁን ወደ ክትትሉ ልምጣ፤ ብዙው ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው። የዶክትሬት ተማሪዎ በየቀኑ የምትከታተል ከሆነ፣ ይህ ሥራዋ መሆኑ በግልጽ ተነግሯት ከሌላው ሥራዋ ላይ መቀነስ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ከቀኗ ግማሹ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በተጨማሪም ተማሪው ሲቸገር የምትገኝበት የታወቀ ሰዓት ያስፈልጋል። እርስዎ ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት ከሁለቱ ተማሪዎች ጋር፣ ከዚያም ሃያ ደቂቃ ከዶክትሬት ተማሪዋ ጋር ለብቻዋ ይቀመጡ። የኋለኛውን ሰው ሁሉ ይዘነጋዋል። ማስተማር የምትማረው እሷም ናት፤ ተማሪው ሲያስቸግራት ለማን እንደምትናገር ካላወቀች ወይ ትጮኻለች ወይ ሥራውን ራሷ ትሠራዋለች።

ሦስት ሰው ባለበት ዝምድና ውስጥ ተማሪውን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው የሁለት አለቃ ትእዛዝ ነው። እርስዎ ማክሰኞ በኮሪደር ሲያልፉ «ይህንንም ብትሞክሩት» ያሉት ነገር ለእርስዎ ሐሳብ ነው፣ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን ትእዛዝ ነው፤ ተማሪው የዶክትሬት ተማሪዋ የሰጠችውን ትቶ ሁለት ቀን ያንን ሲሠራ ይውላል። አዲስ ሐሳብ ከመጣልዎ በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም በተቀመጡበት ያንሱት። በመጀመሪያው ዓርብም የአንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፦ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዋናው ክፍል፣ የሥራ ሰዓት፣ ማን ለምን እንደሚጠየቅ፣ በእርስዎ ወይም በዶክትሬት ተማሪዋ ላይ ቅሬታ ቢኖር ከላብራቶሪው ውጭ ለማን መናገር እንደሚቻል። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ማስቀመጥ ያፍሩታል። ተማሪው ለስምንት ሳምንት በእርስዎ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው መሆኑን ካሰቡ ግን አስፈላጊነቱ ይታይዎታል።

አጠያየቅ ራሱ ሙያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኛ ላብራቶሪ አንድ ጨዋ ተማሪ ነበረ፤ ተቆጣጣሪው በየጠዋቱ «እንዴት ነው?» ሲለው «ደህና ነው፣ እየሠራሁ ነው» ይል ነበር። አራት ቀን እንዲሁ አለፈ። በአምስተኛው ቀን አጠገቡ ተቀምጬ «እስቲ ትናንት የሠራኸውን አሳየኝ» ስለው ስክሪኑ ላይ ቀይ የስህተት መልእክት ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ፋይሉን ማግኘት አቅቶታል፤ ምክንያቱ የፎልደሩ ስም መሐል የገባ አንድ ባዶ ቦታ ነበር። አሥር ሰከንድ ፈጀ። ተማሪው አራት ቀን ሙሉ ያልተናገረው ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ መስሎት፣ ተቆጣጣሪውም ሥራ የበዛበት መስሎት ነው። ከዚያ ወዲህ በላብራቶሪያችን «እንዴት ነው?» ብሎ ክትትል የለም፤ «አሳየኝ» ነው። ከዚሁ ጋር አንድ ደንብ አለን፦ በአንድ ችግር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆመ ሰው የመጠየቅ ግዴታ አለበት። መብት ነው ስንላቸው አይጠይቁም ነበር፤ ግዴታ ሲሆን ግን ይጠይቃሉ።

ሁለት ተማሪ መምጣታቸው በረከት ነው፣ አንድ ጥያቄ ለሁለት ካልሰጧቸው። አንድ ጥያቄ ለሁለት ሲሰጥ ደፋሩ መሣሪያውን ይይዛል፣ ዓይን አፋሩ ይጽፋል፣ በስምንተኛው ሳምንትም አንዱ ተመራማሪ፣ ሌላው ጸሐፊ ሆኖ ይወጣል። ዘዴው አንድ ይሁን፣ ጥያቄው ይለያይ። ያን ጊዜ እርስዎን ከመጥራታቸው በፊት እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜም አንዱ የሌላውን አንድ ልኬት ደግሞ እንዲለካ ቢያደርጉ ስህተት ቶሎ ይያዛል።

ውጤት ሳያገኙ ቢሄዱስ ላሉት፣ መጀመሪያ «ውጤት» የሚለውን ቃል በላብራቶሪዎ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ያስቡ። የሚጠበቀው ልዩነት ካልታየ፣ ሙከራው ግን በትክክል ከተሠራና የማነጻጸሪያ ናሙናዎቹ (ምን ማሳየት እንዳለባቸው አስቀድሞ የሚታወቁት) የሚገባቸውን ካሳዩ፣ ያ ውጤት ነው፤ ፖስተርም ይሆናል። ሙከራው ራሱ ስላልሠራ መልስ ካልተገኘ ደግሞ የሚቀርበው የት ላይ እንደቆመና ምን እንደተወገደ ነው። ተማሪው ይህን የሚያምነው ግን እርስዎ በመጀመሪያው ሳምንት ከነገሩት ብቻ ነው። በሰባተኛው ሳምንት ሲነገር ማጽናኛ ይመስላል። ከዚህ የከፋም አለ፦ ጥሩ ቁጥር ብቻ እንደሚወደድ የተሰማው ተማሪ መጥፎውን መደበቅ ይጀምራል። አንድ ክረምት የአንድ ተማሪ የማስታወሻ ደብተር የገጽ ቁጥር ከ31 ወደ 34 ዘሎ አገኘሁት። ቀድዶ የጣላቸው ገጾች ያልተሳካ ሙከራ የተጻፈባቸው ነበሩ፤ «ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው» አለኝ። የዋህነት ነበር፣ ማጭበርበር አልነበረም፤ ጥፋቱም ደብተር ለምን እንደሚያዝ ሳላስረዳው የቀረሁት የእኔ ነው። ገጽ አይቀደድም፣ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይደመሰስም፣ ቀንና ምክንያት ከጎኑ ይጻፋል። ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ የራስዎን አንድ የተሰራረዘ ገጽ እያሳዩ ይንገሯቸው።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ እያንዳንዳቸው ለላብራቶሪው ሰዎች የአሥር ደቂቃ ገለጻ እንዲያደርጉ ያድርጉ፤ ሥዕሎቹ በእጅ የተሣሉ ቢሆኑም ግድ የለም። አንድ ተማሪ ጥያቄውን እንዳልተረዳ የሚታወቀው ያን ቀን ነው፤ ያን ቀን ከታወቀ የሚታረምበት ጊዜ አለ፣ በፖስተሩ ቀን ከታወቀ ግን የለም። ስለ ክፍያ ብዙ አልልም፦ ሳይከፈለው ስምንት ሳምንት መቆየት የሚችለው ቤተሰቡ የሚደጉመው ተማሪ ብቻ ስለሆነ፣ አበል የሚገኝበት መንገድ ካለ ከአንድ አዲስ መሣሪያ በፊት ለእሱ ይሟገቱ።

የጸሐፊነት ጉዳይም ከመጀመሪያው ሳምንት ሳያልፍ ይነሣ። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መመዘኛዎች አሉት፦ በሥራው ሐሳብ ወይም በመረጃው መሰብሰብ፣ መተንተን ወይም መተርጎም ተጨባጭ አስተዋጽኦ ማድረግ፤ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በሚገባ መርምሮ ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራውም ተጠያቂ መሆን። ሌሎች የሙያ ዘርፎችም የየራሳቸው ልማድ አላቸው፤ የእርስዎ ዘርፍ የትኛውን እንደሚከተል ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው። የክረምት ተማሪ የመጀመሪያውን መመዘኛ ብዙ ጊዜ ያሟላል፣ የሚወድቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ሲረቀቅ እሱ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ኮሚቴው የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው በሌሎቹም የመሳተፍ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ያስቀምጣል፤ ረቂቁን ልኮ ማስነበብ እንግዲህ የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሲመረቅ የማይዘጋ የግል ኢሜይል አድራሻ ነው። ሳይሄዱ ይቀበሏቸው።

በመጨረሻው ሳምንት ከፖስተሩ እኩል ጊዜ ለርክክቡ ይስጡ። እያንዳንዱ ተማሪ ሥራውን በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ፋይሎቹ የት እንዳሉ፣ ናሙናዎቹ በየትኛው ማቀዝቀዣ በምን ምልክት እንደተቀመጡ፣ ምን እንዳልተጠናቀቀ። ከዚያ ሐሙስ ዕለት ሥራውን የማያውቅ ሌላ ሰው ያንን ገጽ ብቻ ይዞ አንድ ሥዕል እንደገና ለመሥራት ይሞክር፤ ተማሪው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ግን አይናገር። የጎደለው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል፣ ተማሪውም ዓርብ ይሞላዋል። እርስዎም በዚያው ዓርብ፣ ትዝታው ሳይቀዘቅዝ፣ ስለ እያንዳንዳቸው ግማሽ ገጽ ለራስዎ ይጻፉ፦ ምን ሲገጥማቸው ምን አደረጉ፣ የትኛውን ጥያቄ ራሳቸው አመጡ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁዎ «ታታሪ ተማሪ ነበረች» ብለው ከማቆም ይልቅ፣ ሚዛኑ ያወጣውን ቁጥር ተጠራጥራ ማንም ሳያዛት ሥራውን ከመጀመሪያው የደገመችበትን ከሰዓት በኋላ ቀኑን ጠቅሰው ይጽፉላታል።